ዱሬሳ የተባለው ፕሮግራም

ገብረ መድህን ጎማ ይጠግናል። አሰላ ውስጥ ወደ በቆጂ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ቤት የእሱ ነው። ጎማ ሲመጣለት ቆሞ የሚያስብ ሰው አይደለም፤ ይፈታል፣ የውስጡን ጎማ፣ ካላማዳሪያውን፣ ነፍቶ ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ያያል፣ ይለጥፋል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሚስቱ ፋናዬ እንደምትለው እሷንም ያገባት እንደዚሁ ነው፤ አየ፣ ጠየቀ፣ ወሰደ። ትንሽ ቆም ብሎ ቢያስብበት ኖሮ መጀመሪያ አልጋ ይገዛ ነበር ትላለች።

ቼዝ ሲጫወትም ያው ነው። ጨዋታውን የተማረው በወታደርነት ዘመኑ ደብረ ዘይት ላይ ከአንድ የአውሮፕላን መካኒክ ሲሆን፣ መካኒኩ ሕጉን አስተምሮት ትዕግሥቱን ሳያስተምረው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ገብረ መድህን ንግሥቱን ገና በጠዋቱ ያወጣል። ፈረስ ካየ ይበላል። ሦስት ወታደር አስበልቶ አንዴ «ቼክ!» ማለት ከቻለ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ቃሉንም የሚጮኸው በመንገዱ የሚያልፉት የጋሪ ፈረሶች እስኪደነብሩ ድረስ ነው።

የጨዋታ ባላጋራው ዱሬሳ ነው። ዱሬሳ ጡረታ የወጣ የግብርና ባለሙያ ሲሆን የሥራ ዘመኑን የጨረሰው በዲክሲስና በሲሬ ማሳዎች ላይ ገብስ ሲከታተል ነው። ገብስ ቢቆጡትም ቢለማመጡትም በራሱ ጊዜ ስለሚደርስ፣ ከገብስ ጋር የኖረ ሰው ችኮላ አያውቅም። ዱሬሳ ሰሌዳው ላይ ምንም አይበላም። አንድ ወታደር አንድ እርምጃ ይገፋና ኮፍያውን ያስተካክላል። ቀጥሎ ፈረሱን ወደ መጣበት ይመልሳል። ገብረ መድህን «ምን እያደረግህ ነው?» ሲለው «ኧረ ምንም» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ብቻ ከአንድ ሰዓት በኋላ የገብረ መድህን ንግሥት መሄጃ ታጣለች፣ ፈረሶቹ እርስ በርሳቸው መንገድ ይዘጋጋሉ፣ ሠራዊቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚንቀሳቀስ ይጠፋል። ያኔ ዱሬሳ በኦሮምኛ ልመናም ተግሣጽም በሆነችው ቃል ይጀምራል፤ «ማሎ! ትንሽ ታገሥ ብዬህ ነበር እኮ።»

ይህ ሁሉ የሚሆነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ በተጋደመ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ነው። ከጭላሎ በኩል ዝናብ ሲመጣ ሰሌዳውን ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ገብረ መድህን ደንበኛ አለው፣ ዘመድ አለው፣ የጽዋ ማኅበር ወንድሞችም አሉት፤ ጓደኛ ብሎ የሚጠራው ግን ዱሬሳን ብቻ ነው። ይህን ለራሱ ለዱሬሳ ነግሮት አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት የሚያስበው ግን ቅዳሜን ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ልጁ ኤፍራታ አሮጌ ላፕቶፕ ይዛለት ከመጣች ወዲህ ነው። ኤፍራታ ኮምፒውተር ተምራ እዚያው አሰላ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። አባቷ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሲቁነጠነጥ አይታ አዘነችለትና ሁለት የቼዝ ፕሮግራሞች ጫነችለት።

«አባዬ፣ ይኼኛው የድሮ ነው» አለችው። «የሚያውቀው መቁጠር ብቻ ነው። ይኼን ብበላ ምን ይበላብኛል፣ ከዚያስ እኔ ምን እበላለሁ እያለ ወደፊት ይሄዳል። የሚበላ ነገር ከሌለ ግራ ይገባዋል። ታክቲካል የሚሉት አጨዋወት ነው።»

«ጨዋ ፕሮግራም ነው» አለ ገብረ መድህን። «ያኛውስ?»

«ያኛው ከራሱ ጋር እየተጫወተ የተማረ ነው። መብላቱ ብዙም አያስጨንቀውም። ቦታ ነው የሚወደው። ዛሬ ምንም ሳያደርግህ ኋላ የምትቸገርበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ይኼ ደግሞ ፖዚሽናል ይባላል።»

ገብረ መድህን ከሁለቱም ጋር ተጫወተ፤ ሁለቱም አሸነፉት፣ አሸናነፋቸው ግን ለየቅል ነበር። የመጀመሪያው ፈረስ ሰጥቶት፣ እሱም ደስ ብሎት በልቶ፣ ወዲያው ንጉሡን አጣ። ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ ምንም አላደረገውም። ወታደር ገፋ፣ ፈረስ ወደ ኋላ መለሰ። ገብረ መድህን ሲታፈን ተሰማውና ይህን እጅ እንደሚያውቀው ገባው። ከዚያ ወዲያ የመጀመሪያውን «ጎሚስታው»፣ ሁለተኛውን «ዱሬሳ» ብሎ ይጠራቸው ጀመር። አንድ ማታ ከጓዳ ሆኖ «ዱሬሳ ዛሬም አላስተነፈሰኝም!» ሲል ፋናዬ ሰምታ እንግዳ የመጣ መስሏት ሌላ ሳህን አቀረበች። እውነቱን ስታውቅ ሳህኑን አላነሳችም፤ እሱ ራሱ ደግሞ በላበት።

ከዚያ ጥቅምት ገባ፤ እውነተኛው ዱሬሳም ንግሥቱን ሰጠ።

ጨዋታው እንደ ወትሮው ነበር የተጀመረው። መሀል ላይ ዱሬሳ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አየና ንግሥቱን አንስቶ የገብረ መድህን ወታደር አፍ ውስጥ ከተታት። ገብረ መድህን ተሳስቷል ብሎ ሊያዝንለት ሲል ሁለት ፈረሶች ተከታትለው መጡ፤ ጨዋታውም አለቀ። በሳምንቱም እንዲሁ ሆነ፤ በዚህኛው ግንቡንም ጭምር ነበር የሰጠው። ገብረ መድህን እቤት ሲገባ መጫወቻዎቹ የነበሩበትን ቦታ አስታውሶ ላፕቶፑ ላይ ደረደራቸው። ጎሚስታው ጥቂት ቆጥሮ ልክ ዱሬሳ የተጫወተውን ተጫወተ። ዱሬሳ የተባለው ፕሮግራም ግን ዳር ያለችውን ወታደር አንድ እርምጃ ገፋ። እንግዲህ ፕሮግራሙ ዱሬሳን ይመስላል፣ ዱሬሳ ራሱ ግን ዱሬሳን መምሰል ትቷል።

በዚያ ላይ ስልክ መጣ። የዱሬሳ ልጅ ሚልካ ለአባቷ አዲስ ስልክ ገዝታለት ነበር። ድሮ ስልክ ሲጮህ የሌላ ሰው ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ አሁን በጨዋታ መሀል ከኮቱ ኪስ ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ ይመልሰዋል። ሲደወልለትም ተነስቶ ራቅ ይላል። ገብረ መድህን ጎማ ውስጥ ሚስማር ፈልጎ በማግኘት የኖረ ሰው ነውና ሚስማሩን ያገኘ መሰለው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ዱሬሳ ከስልኩ ቀና ብሎ ፈረሱን ሲሰጥ፣ ገብረ መድህን አልበላም።

«ማን ነው የሚያጫውትህ?» አለው።

«ማን?»

«ኪስህ ውስጥ ያለው። አንተ እንዲህ አትጫወትም። በማሽን እየተረዳህ ነው ዱሬሳ፣ እኔም ቤት ማሽን አለኝ፣ አውቀዋለሁ።»

ዱሬሳ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና ስልኩን ነካ ነካ አደረገው። ፊቱ ግራ የተጋባ ሰው ፊት ነበር፤ ገብረ መድህን ግን እፍረት ነው ብሎ ወሰደው። ዱሬሳ ምንም ሳይመልስ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ ነበር፤ ከዚያም የሚቀጥለው። ገብረ መድህን ተበዳዩ እኔ ነኝ ስለሚል ዱሬሳ ሽማግሌ እስኪልክ ጠበቀ። ዱሬሳ አልላከም። ገብረ መድህን ላፕቶፑን ሱቁ አምጥቶ በዱሬሳ ስም ከሚጠራው ፕሮግራም ጋር ተቀመጠ። ፕሮግራሙ እንደ ጥንቱ አፈነው፣ አሸነፈው፤ «ማሎ» ግን አላለውም። ገብረ መድህን ላፕቶፑን ዘግቶ ሰው የሌለበትን የዱሬሳን መቀመጫ ሲያይ ቆየ። ናፈቀኝ ማለት አስጠላው እንጂ ናፍቆት ነበር።

በመጨረሻ ራሱ ተነስቶ ኦቦ ከዲሮ ዘንድ ሄደ። ኦቦ ከዲሮ በአካባቢው የድንበር፣ የከብትና የጋብቻ ጥል ሁሉ የሚያልፍባቸው የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው።

«ከዱሬሳ ጋር ተጣልተናል ኦቦ። እንዲዳኙን ነው የመጣሁት» አላቸው።

«መሬት ነው?»

«አይደለም።»

«ከብት ነው?»

«ቼዝ ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ ከዲሮ።

«ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነ ለምን አትተዉትም?»

«ሌላ ጓደኛ የለኝም» አለ ገብረ መድህን፤ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

«ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትልም?» አሉና ቀን ቆረጡ።

በተቆረጠው ቀን ኦቦ ከዲሮ ግቢ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ ይበልጣል ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ፍርድ ቤት ስለሠሩ ጡረታ ከወጡም በኋላ «ቅሬታ አቅራቢ» እያሉ ነው ሰው የሚጠሩት። ኤፍራታ ላፕቶፑን ይዛ መጣች። ዱሬሳ ከሁሉም ቀድሞ ተቀምጦ ነበር፤ ሚልካ በባጃጅ አድርሳው ወደ ሥራዋ ሄዳለች።

«ቅሬታ አቅራቢ ይናገር» አሉ አቶ ይበልጣል።

ገብረ መድህን ሁለቱን አጨዋወት ለሽማግሌዎቹ ማስረዳት ነበረበት፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ፈረስ የሚያውቁት ጋሪ ላይ ብቻ ነው። ብዙ ከደከመ በኋላ እንዲህ አለ፤ «አንዱ አጥር እንደሚገፋ ጎረቤት ነው ኦቦ። በየዓመቱ አንዲት ስንዝር። ምንም አልወሰደብዎትም፣ ግን አንድ ቀን ሲነሱ በሬዎ የሚዞርበት ቦታ የለም። ሌላው ደግሞ ሰተት ብሎ ገብቶ በሬውን ነድቶ የሚሄደው ነው።»

ሁለቱም ሽማግሌዎች ወዲያው ገባቸው።

«አጥር ገፊው ይብሳል» አሉ ኦቦ ከዲሮ። «በሬ የነዳው ዱካ አለው።»

«ማስረጃም አይገኝበትም» አሉ አቶ ይበልጣል፤ አንድ የቆየ ነገር ትዝ ብሏቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ዱሬሳ ሁልጊዜ አጥር ገፊ ነበር» ሲል ቀጠለ ገብረ መድህን። «እኔ ነኝ በሬ ነጂው። አሁን በድንገት ተገልብጦ በሬ ይነዳል፤ የሚነዳውም ልክ ማሽኑ እንደሚነዳው ነው። ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ይለወጣል?»

ኦቦ ከዲሮ ወደ ዱሬሳ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«ምን እንደምል አላውቅም» አለ ዱሬሳ።

ይህ ለአቶ ይበልጣል ግማሽ የእምነት ቃል ነበር። ኤፍራታን ጠርተው ይህ በሬ ነጂ ፕሮግራም እንዴት እንደሚያስብ ጠየቋት።

«ዕቅድ የሚባል ነገር የለውም» አለች። «ዛሬ እዚህ ልሂድ፣ ኋላ እዚያ እደርሳለሁ አይልም። ተራው በደረሰ ቁጥር ሰሌዳውን ገና አሁን እንደመጣ ሰው ነው የሚያየው። ቅድም ምን አስቦ እንደነበር ግድ የለውም።»

ዱሬሳ ስብሰባው ከተጀመረ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ኤፍራታን አያት፤ ሌላ ነገር እንድትጨምር የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እሷ ግን ጨርሳ ተቀመጠች።

ኦቦ ከዲሮ ፈረዱ። ስልኩ እሳቸው ዘንድ ይቀመጣል፣ ሁለቱ እዚያው ይጫወታሉ፣ ዱሬሳ ያለ ስልክ በሬ መንዳት ከቻለ በሬው የራሱ ነው። ሰሌዳው ተዘረጋ። ገብረ መድህን ነጭ ይዞ ጀመረ። በልቡ ዱሬሳ እንደ ድሮው ወታደር እንዲገፋ፣ ቀስ ብሎ እንዲያፍነው ይለምን ነበር፤ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝም ያ የቀድሞው ሰው እንዲመለስለት ፈልጎ ነው።

መሀል ላይ ስልኩ ጮኸ። ኦቦ ከዲሮ አንስተው አነጋገሩና ዘጉት። «ልጁ ናት» አሉ ለጉባኤው። «አባቷ እዚሁ እንዳለ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት።» አቶ ይበልጣል ደግሞ ወታደር ወደ ኋላ መሄድ ይችል እንደሆነ ጠየቁ፤ ገብረ መድህንም ዞሮ ሲያስረዳቸው ቆየ። ወደ ሰሌዳው ሲመለስ ዱሬሳ አንዴ ነጩን አንዴ ጥቁሩን ያያል።

«ጥቁሩ የእኔ ነው?» አለ ዱሬሳ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ገብረ መድህን አልሳቀም። ዱሬሳ ጥቁሩ የእሱ መሆኑን ሲያውቅ ጥቂት አየና ንግሥቱን ሰጠ፤ ከዚያ ግንቡን ሰጠ፤ ከዚያ በቀረችው ፈረስ ገብረ መድህንን ጨረሰው። ስልኩ ከኦቦ ከዲሮ እጅ አልወጣም።

ፍርዱ አጭር ነበር። ገብረ መድህን ተነስቶ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተደረገ፤ ጠየቀ። ተቃቀፉ። ኦቦ ከዲሮ መረቋቸው። አቶ ይበልጣልም ለወደፊቱ ሁለቱም ወገን ስልኩን ከሰሌዳው እንዲያርቅ የሚል አከሉ።

ሲወጡ ኤፍራታ ቀድማ ሄደች፤ ሁለቱ ወደ ባጃጅ ማቆሚያው አብረው ወረዱ። ብርዱ ጀምሮ ነበር። ገብረ መድህን ለመናገር ሲያመነታ ዱሬሳ ቀደመው።

«ዕቅድ ጠፋብኝ ገብሬ።»

«የምን ዕቅድ?»

«የምንም። ድሮ አንዲት ወታደር ስገፋ ኋላ የምትደርስበት ይታየኝ ነበር። አሁን አንተ ስትጫወት እኔ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋል። ሰሌዳውን ሳየው የማን ጨዋታ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ስለዚህ ፊቴ ያለውን አያለሁ። የሚበላ ካለ እበላለሁ፣ የሚሰጥ ካለ እሰጣለሁ። እሱ አልጠፋኝም።»

«ሐኪም አየህ?»

«ሚልካ አዲስ አበባ ወስዳኝ ነበር። እየባሰ ይሄዳል አሏት። ስልኩም ለዚሁ ነው፤ የት እንዳለሁ ታይበታለች። እኔም ቀኑን አይበታለሁ።»

ገብረ መድህን መንገዱ መሀል ቆመ። «ያን ቀን ስወነጅልህ ለምን ዝም አልከኝ?»

«እውነት ይሆናል ብዬ ኪሴን ፈተሽኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ? እኔ ጓደኛህ አይደለሁም?»

ዱሬሳ ተጨንቆ አየው። «ነግሬሃለሁ ብዬ ነበር እኮ» አለ።

ገብረ መድህን በዚያች ሰዓት ምነው ዱሬሳ አታላይ በሆነ ብሎ ተመኘ። ኪሱ ውስጥ ማሽን ቢገኝ፣ ሌባ ተብሎ ቢዋረድ፣ ዓመት ሙሉ ባይነጋገሩ ይሻለው ነበር። ባጃጅ ሲመጣ ለሾፌሩ የዱሬሳን ሰፈር ራሱ ነገረው፤ ከዚያ ሐሳቡን ለወጠና አብሮት ገባ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሚልካ አባቷን ጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ ድረስ አመጣችውና ሄደች። ሁለት ጎማ የሚጠገን ነበር፤ ገብረ መድህን ለደንበኞቹ ሰኞ ኑ አላቸው። መጫወቻዎቹን ደረደረ። ጥቂት እንደተጫወቱ ዱሬሳ እጁን ከሰሌዳው በላይ አንስቶ እዚያው አቆየው። የገብረ መድህን ፈረስ ፊቱ ነበር፤ ለመብላት የቀረበ፣ የሚያጓጓ።

«ተወው እሱን» አለ ገብረ መድህን። «በግራ በኩል ያለችውን ወታደር ልትገፋ ነበር።»

«ለምን?»

«መሀሉን ልትዘጋብኝ። ከዚያ ጳጳሱን ወደ ኋላ ታመጣዋለህ። የእኔ ግንቦች መውጫ ያጣሉ።»

ዱሬሳ ሰሌዳውን ረዘም አድርጎ አየ። «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ። «የማን ነው?»

«ያንተ ነው።»

ዱሬሳ ወታደሯን ገፋ። ገብረ መድህን የራሱን ተጫወተና፣ የዱሬሳ ተራ ሲደርስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው። መሀሉን ትዘጋለህ፣ ጳጳሱን ታመጣለህ፣ ግንቦቼ መውጫ ያጣሉ። እያንዳንዱ ተራ ላይ እንዲሁ ነገረው፤ ዱሬሳም እያንዳንዱ ተራ ላይ ጥሩ ሐሳብ ነው አለ። ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ ገብተው ቀጠሉ። ሲመሽ ገብረ መድህን የሚያንቀሳቅሰው ጠፋና ተሸነፈ። መጫወቻዎቹን እንደገና ደረደረ፣ ነጩንም ወደ ዱሬሳ አዞረለት።